ፈጣኑ የበረራ ትምህርትና የአባት ቤት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የምናገረው ስለ አይሮፕላን አብራሪነት ትምህርት ነው። ነገሩ ጥቂት ወጣቶችን ብቻ የሚመለከት መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡኝ። ይህ ትምህርት የሚጀመረው በወጣቱ ምኞት ቢሆንም የሚፈጸመው በወላጅ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ በወር ደመወዝ የሚተዳደርና ልጅ ያለው ሰው ሁሉ አይመለከተኝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆኑኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉ፥ ከአባታቸው ከወረሱት አንድ ቤት በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ መጡና በሩን ዘግተው ተቀመጡ፤ ከቦርሳቸውም በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ ወረቀት አውጥተው በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ወረቀቱ በአሜሪካ አገር የሚገኝ የአንድ የበረራ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ነበር። ሁለተኛ ልጃቸው በምሕንድስና ተመርቆ ሥራ በመፈለግ ላይ ነበርና፥ ትምህርት ቤቱ እሱን ለመቀበል የፈቀደበት ደብዳቤም ከማስታወቂያው ጋር ተያይዟል። «በ12 ወር ውስጥ ከምንም ተነሥቶ የአየር መንገድ አብራሪ» ይላል ወረቀቱ። ዋጋው ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ ነው። ባልደረባዬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ቤቱን ልሸጠው አስቤአለሁ፤ እርስዎ ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

በዚያን ቀን መልስ ልሰጣቸው አልደፈርሁም። የሁለት ሳምንት ጊዜ ለምኜ ጉዳዩን መረመርሁት። ዛሬ ለእናንተ የማቀርበውም ያን ጊዜ ለእሳቸው ያቀረብሁትን ነው። ስለ ውጭ አገር ነገር ስናገር ዓመቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ማስታወቂያው ፍጹም ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት በመሠረቱ ከ40 ሰዓት ያላነሰ በረራ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ በደመናና በጨለማ ውስጥ ዓይንን ሳይሆን መሣሪያን ተከትሎ የመብረር ማረጋገጫ ይመጣል። ከዚያም በክፍያ ለመብረር የሚያስችለው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ይከተላል፤ ለዚህ በጠቅላላው 250 ሰዓት፥ በልዩ ሁኔታ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ለተማረ ደግሞ 190 ሰዓት ይጠየቃል። ሌላ ሥራ የሌለበትና ጤናው የተሟላ ወጣት፥ አየሩ ከረዳውና አይሮፕላንና አስተማሪ ካልታጣለት፥ ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊፈጽመው ይቻላል። ብዙዎችም ፈጽመውታል።

ነገር ግን በክፍያ ለመብረር መፈቀድና የአየር መንገድ አብራሪ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየካቲት ወር 2009 በኒውዮርክ ክፍለ አገር በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወድቆ፥ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በምድር የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሳይታክቱ አቤት በማለታቸው የአሜሪካ ምክር ቤት በ2010 ሕግ አወጣ። ከ2013 ጀምሮም በዚያ አገር በመንገደኞች አየር መንገድ አይሮፕላን ውስጥ፥ በረዳት አብራሪነት እንኳ ለመቀመጥ፥ በመሠረቱ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። በጦር ኃይል ሰልጥኖ ለመጣ 750፥ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን ለተመረቀ 1,000፥ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ለፈጸመ 1,250 ይበቃዋል። በቡፋሎ የወደቀውን አይሮፕላን ያበሩ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የነበራቸው መሆኑን ሳነብ፥ ቍጥር ብቻውን አብራሪን አብራሪ እንደማያደርገው ተረድቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ሕጉ ሕግ ነው፥ የባልደረባዬ ልጅም በእሱ ሥር ነው የሚወድቀው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። ከ1,500 ላይ 250 ሲቀነስ የሚቀረው 1,250 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ገዝቶ ለመሙላት የሚችል ሀብታም እምብዛም ስለ ሌለ፥ በአሜሪካ የተለመደው ዘዴ ትናንት የተማረው ወጣት ዛሬ የበረራ አስተማሪ ሆኖ፥ ሌላው ተማሪ በሚከፍለው ገንዘብ የራሱን ሰዓት መቍጠር ነው። አስተማሪው በወር 70 ሰዓት ቢበር፥ ይህም መልካም አየርና በቂ ተማሪ ሲገኝ ነው፥ 1,250ውን ለመሙላት አሥራ ስምንት ወር ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 12 ወር የተባለው ነገር ሁሉ ቢቃና ወደ 30 ወር ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ ይህን በትንንሽ ፊደል ከገጹ ግርጌ ጽፎታል፤ አልደበቀውም፥ ነገር ግን ያጌጠው ቀለም እዚያ አልደረሰም።

ከዚህ በላይ ግን ባልደረባዬ ፈጽሞ ያላሰቡት፥ እኔም ባልመረምር ኖሮ የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ያ የአስተማሪነት ሥራ ሥራ ነው፤ በባዕድ አገር ሥራ ለመሥራት ደግሞ መብት ያስፈልጋል። ለሙያ ትምህርት የሚሰጠው «ኤም 1» የተባለው ቪዛ በትምህርቱ ጊዜ ሥራ መሥራትን ይከለክላል፤ ከትምህርቱ በኋላም ለእያንዳንዱ አራት ወር ትምህርት አንድ ወር ልምምድ፥ ቢበዛም ስድስት ወር ብቻ ይፈቅዳል። ስድስት ወር በ70 ሲባዛ 420 ይሆናል፤ በ250 ላይ ሲደመር 670። ይህ ከ1,500 ግማሹን እንኳ አይሞላም። «ኤፍ 1» የተባለው የተሻለ ነው፤ በተለመደው ሁኔታ እስከ 12 ወር የሚደርስ የሥራ ልምምድ ያስገኛል። ያም ቢሆን ከ1,100 ሰዓት በታች ያስቀረዋል። ሰዓቱ በሌላ መንገድ ቢሞላ እንኳ፥ የአሜሪካ አየር መንገድ ይህን ወጣት ለመቅጠር በአገሩ የመሥራት መብቱን ይጠይቀዋል።

አድማጮቼ፥ ማስታወቂያው ለማን እንደ ተጻፈ አሁን የታያችሁ ይመስለኛል። በዲቪ ዕድል ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ ላገኘው፥ ወይም እዚያው ተወልዶ ላደገው ወገናችን የተጻፈ ነው። ለእሱ ነገሩ ውድ ቢሆንም መንገዱ እስከ ጫፍ ክፍት ነው። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ለሚነሣው ልጅ ግን መንገዱ መካከል ላይ ይቋረጣል፤ ዋጋው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

«እንግዲያውስ ፈቃዱን ይዞ ወደ አገሩ ቢመለስስ?» አሉኝ ባልደረባዬ። ይህ መልካም ጥያቄ ነው። ከአሜሪካ ውጭ በብዙ አገር የ1,500 ሰዓት ግዴታ የለም፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ መሠረት የንግድ ፈቃድና የመሣሪያ በረራ ማረጋገጫ ያለው፥ በሚበረው የአይሮፕላን ዓይነትም የሰለጠነ ሰው ረዳት አብራሪ ለመሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ ቢመለስ፥ የያዘው የውጭ ፈቃድ በአገራችን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተመርምሮ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፥ ሕግ አይከለክለውም። የሚከለክለው የወንበር እጦት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ረዳት አብራሪዎቹን በዋነኛነት የሚያገኘው ከራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ የቀሩት የአገር ውስጥ ድርጅቶች ጥቂቶች ናቸው፥ ያላቸውም አይሮፕላን እንዲሁ። በውጭ አገርም ቢሆን 250 ሰዓት የያዘ ወጣት ብዙ ነው፤ በአንድ በተወሰነ ትልቅ አይሮፕላን ላይ የሚሰጠውን ሥልጠና በራስህ ገንዘብ ፈጽመህ ና የሚሉትም አሉ፥ ይህም በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ተጨማሪ ዶላር ነው።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልናገር። ቤት የሚሸጠው በብር ነው፥ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በባንክ ከ57 ብር በላይ የነበረው አንድ ዶላር ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። በሐምሌ መጀመሪያ 5 ሚሊዮን 700 ሺሕ ብር ያህል የነበረው 100 ሺሕ ዶላር በገና ሰሞን ከ12 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። በዚያ ዓመት በግንቦት ልጁን ልኮ፥ ግማሹን ከፍሎ ግማሹን እስከ ታኅሣሥ ያሳደረ አባት ቢኖር፥ የቀረው ግማሽ ብቻውን ከመጀመሪያው ሙሉ ዋጋ በልጦ ይጠብቀው ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩት ወገኖቻችን ከዚህ መከራ ነጻ ናቸው፤ የእነሱ መከራ ወለድ ነው። 100 ሺሕ ዶላር በዓመት 12 በመቶ ቢታሰብበት፥ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ብቻ በወር 1 ሺሕ ዶላር ይሆናል፤ ይህም የሚከፈለው በሰዓት ተቈጥሮ ከሚገኝ የጀማሪ አስተማሪ ደመወዝ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ፈጣኑን መንገድ የሚቃወም ይመስላል። ሚዛን ይሁን ከተባለ ግን በሌላው በኩል ያለውን ክብደት መሰወር አይገባኝም። በአሜሪካ አየር መንገዶች አብራሪ የሚያድገው በገባበት ቀን በተሰጠው የቅድሚያ ተራ ነው። የሚበርበት መስመር፥ የዕረፍት ቀኑ፥ ከረዳትነት ወደ ካፒቴንነት የሚያልፍበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ተራ ይወሰናል። በ65 ዓመቱም በሕግ ከመንገደኞች አየር መንገድ በረራ ይሰናበታል። ስለዚህ አንድ ዓመት የዘገየ ሰው ያጣው የጀማሪውን ዓመት ደመወዝ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያጣው በመጨረሻው ላይ ያለውን የካፒቴን ደመወዝ ነው። ይህ ሒሳብ እውነተኛ ነው፥ ትምህርት ቤቶቹም አሳምረው ያውቁታል። ሁለተኛም በየቀኑ የሚበር ተማሪ አይረሳም። በሳምንት አንድ ቀን፥ በወር ሁለት ቀን የሚማር ግን ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ ብዙ ሰዓት ይከፍላል። በአሜሪካ የጽሑፍ ፈተና ውጤት እንኳ የሚያገለግለው 24 ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የበረራውን ፈተና ያልጨረሰ እንደገና ይፈተናል። እኛ አበሾች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልን ዝግታን ማመስገን እንወዳለን፤ ይህን ተረት ያወጣችው ሴት ግን የቅድሚያ ተራ የሚባል ነገር አላጋጠማትም።

ይሁን እንጂ ይህ የቅድሚያ ተራ የሚጠቅመው አየር መንገዱ በሚቀጥርበት ዓመት ለደረሰ ሰው ነው። በ2020 ወረርሽኙ በዓለም ላይ በመጣ ጊዜ አይሮፕላኖች በየሜዳው ቆሙ፤ በ2019 ተበድረው የገቡ ተማሪዎች ፈቃዳቸውን ይዘው የወጡት ቅጥር ወደ ጠፋበት ገበያ ነው። በ2022 ነገሩ ተገለበጠ፤ የአሜሪካ አየር መንገዶች አብራሪ አጥተው ደመወዝ እያሳደጉ ተሻሙ። ያን አይቶ በዚያው ዓመት የገባ ሰው ሰዓቱን ሞልቶ በ2024 ሲወጣ ቅጥሩ እንደገና ቀዝቅዞ አገኘው። ማስታወቂያ የሚበዛው በጥጋቡ ዓመት ነው፤ ተማሪው የሚመረቀው ግን በሌላ ዓመት ነው። በብሪታንያ ደግሞ በ2023 የበረራ ትምህርት ቤቶች ከስረው በተዘጉ ጊዜ፥ ክፍያቸውን አስቀድመው የፈጸሙ ተማሪዎች ትምህርቱንም ገንዘቡንም አጥተው ቀሩ።

እንግዲህ ዘገምተኛው መንገድ የትኛው ነው? በአሜሪካ ላለው ወገናችን ሥራውን ሳይተው በአቅራቢያው ባለ ትንሽ የአይሮፕላን ሜዳ የሰዓቱን በሰዓቱ እየከፈለ መማር ነው፤ ገንዘብ ሲያልቅበት ይቆማል እንጂ ዕዳ አይወድቅበትም። ለአገራችን ልጅ ግን ዋናው ዘገምተኛ መንገድ ከቤታችን አጠገብ ያለው ነው፥ እሱንም ጥቂት ላስረዳ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ የሥራው መሪም አብራሪዎቹም «ቲ ደብልዩ ኤ» ከሚባለው ኩባንያ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው አይሮፕላን የመሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ነው፤ ከመጀመሪያው በረራ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። የአየር መንገዱ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት በ1964 ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ውስጥ ይገኛል። በዚያ ተመልምሎ ለሚገባ ወጣት የትምህርቱን ወጪ አየር መንገዱ ይችላል፤ ወጣቱም በምትኩ ለተወሰነ ዘመን ለማገልገል በውል ይታሰራል። ይህ አሠራር ለእኛ የቆየ ነገር ሆኖ ሳለ፥ ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2023 የሠልጣኞቹን ሙሉ ወጪ ራሴ እከፍላለሁ ብሎ ሲያስታውቅ በዚያ አገር ትልቅ ወሬ ሆነ። እዚያ እስከዚያ ድረስ ብዙ ወጣት የሚማረው በወላጁ ቤት መያዣነት ነበርና።

ልብ በሉ፤ የዚህ መንገድ ዘገምተኛነት በትምህርቱ ላይ አይደለም፥ ትምህርቱስ ፈጣንና ብርቱ ነው። ዘገምተኛነቱ በመጠበቁ ነው። የምልመላ ማስታወቂያ እስኪወጣ፥ ፈተናው እስኪደርስ፥ የጤና ምርመራው እስኪያልፍ፥ ጥሪው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው ይወዳደራል፥ ጥቂት ሰው ያልፋል። ባልደረባዬን የሚያስፈራቸውም ይኸው ነበር። «ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ቢወድቅስ? ዕድሜው ይሄድ የለምን?» አሉኝ።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የማስበው በዚህ ላይ ነው። የአየር መንገዱ መራጭ «አይሆንም» ሲል፥ ያ ቃል ቢመርም በነጻ የተገኘ ዕውቀት ነው። ዓይኑ ወይም ልቡ ለዚህ ሥራ የማይበቃ ከሆነ፥ በዶላር የተገዛ ትምህርት አያድነውም። የወደቀው በተወዳዳሪ ብዛት ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ እስከዚያውም በምሕንድስናው እየሠራ እንጀራውን ይበላል፥ የአባቱም ቤት አለ። ክፍያ የሚቀበል ትምህርት ቤት ግን ለማንም ሰው ቶሎ ብሎ «አትችልም» የሚል አፍ የለውም። አንድ ተማሪ በ40 ሰዓት መጨረስ የሚገባውን በ80 ቢጨርስ፥ ትምህርት ቤቱ የሚያጣው ነገር የለም፤ አርባ ሰዓት ተጨማሪ ሸጧል። ይህን ስል በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ጥሩ አስተማሪ የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ተማሪው ከሥራ የሚደርስ መሆኑንና አለመሆኑን የሚመዝነው ማን እንደ ሆነ፥ በስሕተቱም የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በአየር መንገዱ ትምህርት ቤት የመረጠውም ከፋዩም ተቀጣሪውን የሚጠብቀውም አንድ ስለ ሆነ፥ በመረጣው ቢሳሳት ኪሳራው የራሱ ነው። በሌላው ግን መዛኙ አንዱ ነው፥ ኪሳራው የሌላው።

ለባልደረባዬ የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር። በመጀመሪያ ቤቱን ለደላላ ከማሳየት በፊት ልጁ ለአብራሪዎች የሚደረገውን የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ምርመራ ያድርግ፤ ዋጋው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፥ ብዙ ሰው ግን ከከፈለ በኋላ ነው ቀለም መለየት አለመቻሉን የሚያውቀው። ሁለተኛም ለትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ሦስት ጥያቄ ይጻፍ። ክፍያው በየደረጃው ሊሆን ይችላልን? ተማሪው በመካከሉ ቢያቋርጥ ምን ያህል ይመለሳል? በተማሪ ቪዛ ከመጡት የውጭ አገር ተማሪዎቻችሁ ውስጥ ባለፉት ሦስት ዓመታት በአየር መንገድ የተቀጠሩት ስንት ናቸው?

ልጁ የጤና ምርመራውን አለፈ። አባትና ልጅ በአንድነት ተቀምጠው ደብዳቤውን ጻፉ። ከአሥር ቀን በኋላ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ መልስ መጣ፤ ክፍያው በአራት ጊዜ ሊከፈል እንደሚችልና፥ ያልተበረረበት ሰዓት ዋጋ ከተወሰነ የጽሕፈት ቤት ወጪ በቀር እንደሚመለስ ይገልጻል። ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ግን አንድ ቃል የለበትም። ባልደረባዬ እንደገና ጻፉ፤ ይህን ንግግር እስካዘጋጀሁበት ቀን ድረስ መልስ አልደረሳቸውም። ልጁም በአየር መንገዱ የሚቀጥለውን የምልመላ ማስታወቂያ እየጠበቀ፥ በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል።